ወይዘሮ ወርቅዬ ረታና አሥራ ዘጠኙ ትንንሽ ተማሪዎቻቸው

ወይዘሮ ወርቅዬ ረታ ከአባታቸው ከአቶ ረታ ወዳጆና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋዬ ሰቦቃ ኅዳር 12 ቀን 1930 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ ላምበረት አጠገብ ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው አልማዝ ነኝ። በሕመማቸው ጊዜ ጠርተውኝ፣ የሕይወት ታሪካቸውን እንዳላጋንን፣ የሚያውቋቸው ሰዎች በቀብራቸው ላይ እንዳይስቁ አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። የሚስቅ ካለ ግን ጥፋቱ የእሳቸው እንጂ የእኔ አይደለም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን የካ አካባቢ ጀመሩ። አራተኛ ክፍልን ሲጨርሱ አባታችን ለሴት ልጅ ይህ ይበቃል ብለው አስቀሯቸው። እህታችን አልተከራከሩም፤ አላለቀሱም። በየማለዳው የትምህርት ቤት ልብሳቸውን ለብሰው ደብተራቸውን ታቅፈው በር ላይ ይቀመጡ ነበር። አባታችን በአሥራ አንደኛው ቀን ተሸነፉ። ወይዘሮ ወርቅዬ ትምህርታቸውን ቀጥለው፣ በጽሕፈት ሥራና በመዝገብ አያያዝ ሠልጥነው በ1951 ዓ.ም. በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ።

በ1953 ዓ.ም. በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ዓለምሰገድ ገረመው ጋር ጋብቻ መሥርተው ገርጂ ገቡ። የሺመቤትንና አለምን ወልደው በሥርዓት አሳደጉ።

በ1967 ዓ.ም. የአካባቢው ሕዝብ አዋጥቶ ጮራ የሙያ ኮሌጅን ሲከፍት ወይዘሮ ወርቅዬ የመዝገብና የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ሆነው ተዛወሩ። ኮሌጅ ከመባሉ በቀር አራት የቆርቆሮ ክፍልና አንድ ዕቃ ቤት ነበር። የክፍሉ ኃላፊም፣ ጸሐፊም፣ ተላላኪም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በ1969 ዓ.ም. አንድ ቀን አልጣሽ የምትባል የገርጂ ገበሬ ልጅ፣ አራት ዓመት የሆነውን ልጇን ዋቅቶላን በእጇ ይዛ፣ ውጭ በመስኮት ሥር ቆማ ስትማር አገኟት። ሕፃን ይዞ ክፍል መግባት ክልክል ነበርና በዝናብ ቆማ ትጽፋለች። ወይዘሮ ወርቅዬ መዝገባቸውን ሲያገላብጡ በዚያው ዓመት ካቋረጡት ሴቶች አብዛኞቹ እናቶች ሆነው አገኟቸው። በማግስቱ ዕቃ ቤቱን አስጠርገው የሕፃናት መዋያ አደረጉት። በዚያ ሰዓት ክፍል የማትገባ እናት በተራዋ ሕፃናቱን ትጠብቃለች፤ ሌሎቹ ይማራሉ።

ለሕፃናቱ ወተትና ፍራሽ ቢጠይቁ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ኮሌጁ አገልግሎት የሚሰጠው ለተመዘገበ ተማሪ ብቻ ነው ሲል በደብዳቤ መለሰ። እህታችን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና በመዋያው የነበሩትን አሥራ ዘጠኝ ሕፃናት በተማሪነት መዘገቧቸው። ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጡ፤ ካርድ አወጡ፤ የቀድሞ የትምህርት ደረጃ በሚለው ቦታ ላይ "ገና" ብለው ሞሉ። ወተቱም ፍራሹም መጣ።

ያላሰቡት ነገር ቀጥሎ ደረሰ። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ከመቶ ሃያ በታች ተማሪ ያለው ተቋም እንዲዘጋና ተማሪዎቹ መሐል ከተማ ወደሚገኝ ሌላ ተቋም እንዲዛወሩ መመሪያ ወጣ። የጮራ ተማሪዎች መቶ አራት ነበሩ። በመዝገቡ ድምር ግን ሕፃናቱም ስለተቆጠሩ ቁጥሩ መቶ ሃያ ሦስት ሆኖ ተላከ። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ስለ እድገቱ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈ። ኮሌጁም በሕፃናት ምክንያት ተረፈ። ምስጋናው እህታችንን ከማስደሰት ይልቅ አስፈራቸው። ያ ዘመን በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው በሰላም ቤቱ የማይገባበት ነበር።

በመስከረም 1971 ዓ.ም. ጓድ ዓንዶም የተባሉ ተቆጣጣሪ መጥተው ስም ጠሩ። አሥራ ዘጠኝ ስም ሲቀር ወይዘሮ ወርቅዬ ሌላ ሰው እስኪጠየቅ አልጠበቁም፤ ራሳቸው እየመሩ ወደ መዋያው ወሰዷቸው። ጓድ ዓንዶም እዚያም ጠሩ። ስድስት ዓመት የሞላው ዋቅቶላ ብድግ ብሎ "አቤት" አለ። ሌሎቹ ተኝተው ነበር። ማን እንደመዘገባቸው ሲጠየቅ እህታችን የተናገሩትን በቦታው የነበሩት ሁሉ ያስታውሱታል፦

"እኔ ነኝ፣ ጓድ። ቁጥር ለመጨመር አላሰብኩም፤ ወተት ለማግኘት ነው። ግን እነዚህን ካስወጡ እናቶቻቸውም ይወጣሉ። ያኔ መቶ አራትም አይኖረንም።"

ጓድ ዓንዶም ክፉ ሰው አልነበሩም። ለእህታችን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጡ፤ ሕፃናቱን ከቁጥሩ አውጥተው በሠላሳ ቀን ውስጥ በቦታቸው እውነተኛ ተማሪ እንዲተኩ አዘዙ። ካልሆነ ኮሌጁ ይዘጋል፤ እሳቸውም ይጠየቃሉ።

እነዚያን ሠላሳ ቀናት አብሬያቸው ስለዞርኩ አውቃቸዋለሁ። ከሥራ በኋላ ከጉርድ ሾላ እስከ ገርጂ ጓሮ ድረስ በመስከረም ጭቃ ቤት ለቤት ሄድን። እናታችን ያስተማሩንን ኦሮምኛ ያን ጊዜ እንደዚያ ይጠቅመናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። "ሚስቴ ተምራ ምን ልትሆን?" ያሉ ባሎች ነበሩ፤ ውሻ የለቀቀብንም አለ። እህታችን ነገ እመለሳለሁ ይላሉ፤ ይመለሳሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ላጽናናቸው ብሞክር፣ እንቁላሉ እስኪሄድ ኮሌጁ ይዘጋል ብለው ፍጥነታቸውን ጨመሩ። ለእያንዳንዷ ሴት የሚሏት አንድ ነገር ነበር፤ ልጅሽን ይዘሽ ነይ። እስከ ሃያ ስምንተኛው ቀን ድረስ ሠላሳ አንድ አዲስ ተማሪዎች ተመዘገቡ። በአብዛኞቹ ጀርባ ላይ ልጅ ነበረ።

ማስጠንቀቂያውን በመዋያው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ሕፃናቱን ከቁጥሩ አውጡ ቢባሉ አወጡ፤ ስማቸውን ግን በቀይ መሰረዝ እጃቸው እምቢ አለ። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ "ዕድሜው እስኪደርስ ፈቃድ ላይ" ብለው ጻፉ። አልጣሽ በዚያው ዓመት ተመርቃ የጤና ረዳት ሆነች። ኮሌጁ በ1979 ዓ.ም. ከአራት መቶ በላይ ተማሪ፣ አሥራ ሁለት ክፍልና ሁለት መዋያ ነበረው።

ወይዘሮ ወርቅዬ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በጉበት ሕመም ይሠቃዩ ነበር። እኔ እርፍ ይበሉ እያልኩ ተቆጣሁ፤ አልሰሙኝም። በመስከረም 1982 ዓ.ም. የምዝገባ ቀን ከአልጋቸው ተነሥተው በእኔ ትከሻ ተደግፈው ቢሮ ገቡ። ከሰልፉ መሐል አንድ ረዥም ወጣት ቀረበና ስሙን ተናገረ። እህታችን አዲሱን መዝገብ ወደ ጎን ገፉት፤ አሮጌውን አስወጡ፤ በጣታቸው መስመር በመስመር ወርደው ስሙን አገኙት።

"ዋቅቶላ፣ ፈቃድህ አልቋል። ግባ" አሉት።

የድሮ ቁጥሩን ሰጡት። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው ቀጣዩን ጠሩ።

ይህ የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው ሆነ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ታኅሣሥ 14 ቀን 1982 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን አቶ ዓለምሰገድን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና እኛን ወንድሞቻቸውንና እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት መካከል ዋቅቶላ አንዱ ነው። አሥራ ስምንቱ ገና ፈቃድ ላይ ናቸው፤ መዝገቡም በቦታው አለ።

እህቴ የማንንም ስም አልሰረዙም። ፈጣሪ የእሳቸውን ስም በሕይወት መዝገብ ይያዝልን፤ በራፉ ላይም ሳያስቆም "ግቢ" ይበልልን። አሜን።