የቦዩ ዳር ሣር

ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.
ጉለሌ

የሆዴ ልጅ ሮሐ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ አረፍ ብለሽ አንብቢው። ስልክ ላይ «እማዬ፣ ለመውለድ መምጫዬ ደረሰ» ስትይኝ አፌ ይተሳሰርና ስለ ጎረቤት አውርቼሽ እዘጋለሁ። አሁን ግን የሰፈራችን ሾፌር ኢዮሲያስ ወደ ጅማ ጭነት ይዞ ስለሚሄድ በእጁ ላኩልሽ።

ዘንድሮ ሣሩ ጉድ ነው። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ላሞቹ አንዱን ሲግጡ ሁለቱ እንዲያርፉ ብሎ ግጦሹን ከሦስት የከፈለበትን አጥር እስከ ዛሬ አላፈረስኩትም። የቦዩን ዳር ክረምቱን ሙሉ አሳርፌው፣ ከጥጉ ዝሆኔ ሣር ብቻ እያጨድኩ ለበረቱ እወስድ ነበር። አልፋልፋው ሐምራዊ አበባ አውጥቶ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። መስቀል ሲያልፍ ላሞቹን ለቀቅኳቸው።

መጀመሪያ ዳለቻ ጥርሷን ማፋጨት ጀመረች። ከዚያ ፉርሽካ ሳቀርብላት ገንዳውን አልፋ ሄደች። ነጠላዬን ፊቷ ላይ ባወዛውዘው ዓይኗ አልተርገበገበም። ተከፍቶ ጠፍቷል። በማግስቱ ግንባሯን ከበረቱ ግድግዳ አጣብቃ፣ አፍርሳው ልታልፍ የፈለገች ይመስል፣ ስትገፋ ዋለች። ስጠራት ጆሮዋን ብቻ ታዞራለች።

የከብት ሐኪሙን ዶክተር ሲላስን ጠራሁት። እሷን አይቶ ሲጨርስ ምን እንደምትበላ ጠየቀኝና ወደ ቦዩ ወረደ። የሣሩን ቅጠል በመሐረቡ ጠርጎ አሳየኝ፤ መሐረቡ ጠቁሯል። ከላይ በኩል ያለው የቆርቆሮ አጥር የምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አሮጌ የመኪና ባትሪ እያቀለጡ እርሳሱን የሚያወጡበት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጭሱ ካለፈው በጋ ጀምሮ አመሻሽ ላይ ወደ እኛ ይወርዳል። ሐኪሙ መሐረቡን አጣጥፎ ያዘና፣

«ወይዘሮ ሰርካለም፣ ከዚህ ሣር የትኞቹ ላሞች በልተዋል?» አለኝ።

«ሁሉም።»

«ወተታቸውንስ ማን ጠጣ?»

ደንበኞቼን አንድ በአንድ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

ዳለቻ ሞተች። የቀሩት ደማቸው ሲመረመር ሁሉም ላይ እርሳስ ተገኘ። ደህና የሚመስሉት እንኳ በወተታቸው እንደሚያወጡት፣ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ደግሞ እንደሚብስ ሐኪሙ ነገረኝ። በዚያው ቀን ወተት መሸጥ አቆምኩና ደንበኞቼን በየቤታቸው እየዞርኩ ነገርኳቸው። ከታች ያለችው የልብስ ሰፊው ሚስት ዓለሜ ነገሩን እንደሰማች ልጇን አዝላ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ወጣች።

ከአጥራችን ማዶ ላሞች የሚያረባውን ወልዱን ስለ ጭሱ አብረን ወረዳ ሄደን እናመልክት ብዬ ለመንኩት። «እትዬ፣ እርስዎ ከተናገሩ የሁላችንም በረት ይዘጋል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም ነፍጎኛል። ብቻዬን ሄጄ አመለከትኩ። ጭሱ ግን ዛሬም አልቆመም።

የከፋው ሌላ ነው። ዝሆኔ ሣሩን አጭጄ፣ ጉድጓድ አስቆፍሬ ልቀብረው ከበሩ አጠገብ ከምሬው ነበር። ጠዋት ስወጣ ክምሩ የለም። መሬቱ ላይ የጋሪ ጎማ ዱካ ብቻ ቀርቷል። ማን እንደወሰደው፣ የማን ላም እንደበላችው አላወቅኩም። አሁን መንገድ ላይ ላም ባገኘሁ ቁጥር ዓይኗን ነው የማየው። አዲሱ ገበያ የወተት ዕቃ የያዘች ሴት ካየሁም ከማን እንደገዛች ሳልጠይቃት አላልፍም። ሰው ለይቶላታል ሳይለኝ አልቀረም።

ስለዚህ ልጄ፣ አትምጪ። የበኩር ልጅ በእናት ቤት እንደሚወለድ አውቃለሁ። ክፍልሽንም ቀለም አስቀብቼው ነበር። ግን ይህ ግቢ አራስ አይገባበትም። አማትሽ ወይዘሮ ይርጋለም እንደ ልጃቸው ያርሱሻል። ባልሽ መሳይም ቢከፋው አስረጂው። ስለ እኔ አታስቢ፤ ሆዴን ቁርጠት ቢጤ ነው፣ እጄም ዕቃ ሲይዝ ትንሽ ይዝላል እንጂ ደህና ነኝ።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ለክትትል ስትሄጂ ደምሽን ለእርሳስ እንዲመረምሩልሽ ጠይቂያቸው። ለምን ቢሉሽ ክረምቱን እናቴ ቤት ነበርኩ በያቸው። ጠዋት ጠዋት ኩባያሽን ይዘሽ በረቱ በር ላይ ትጠብቂኝ እንደነበር ንገሪያቸው። በቃኝ ስትይ፣ «ለሁለት ነው የምትጠጪው» እያልኩ እደግምልሽ እንደነበርም ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

ማርያም ከአጠገብሽ አትራቅ። ምጥሽን ታቅልልሽ፤ የማኅፀንሽን ፍሬ ክፉ አይንካው።

እናትሽ
ሰርካለም