የዘጋነው መተላለፊያ

አዳማ፣ ኅዳር 12

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? የመቂ ሙቀትና የሽንኩርቱ ሩጫ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ስልክ ብደውል ሳልጨርስ ስለምትዘጋብኝ መጻፍን መረጥኩ። ደብዳቤውን ሽንኩርት ሊጭን ወደ አንተ ለሚመጣው ሹፌር ለአብዱናሲር ሰጥቼዋለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ጎረቤታችን አዴ ከሪማ ካረፉ አርባ ቀን ሊሞላቸው ነው። ለቅሶው ላይ ስታነባ ሰው ሁሉ እያቀፈህ፣ አሳድገውት እኮ ነው እያለ አዘነልህ። እኔ ከሴቶቹ መሀል ሆኜ አይህ ነበር። እንባህ የእውነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይበልጥ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

እናታችን ሆስፒታል በተኛችባቸው አምስት ወራት ያበሉን እሳቸው ናቸው። በጾማችን ሥጋ በነካው ዕቃ እንዳንበላ ለእኛ ብቻ የሚሆን ድስት ገዝተው፣ ልጃቸው ሃፍሳ እንኳ እንድትነካው አይፈቅዱም ነበር። አንተ በታይፎይድ ስትቃጠል፣ የሰባት ዓመት ልጅ አዝለው፣ በእኛና በእሳቸው ቤት መሀል ባለችው መተላለፊያ ሮጠው ክሊኒክ አደረሱህ።

ያቺን መተላለፊያ ነው ባለፈው ክረምት በብሎኬት ደፍነህ ሦስት የኪራይ ክፍሎች የሠራህባት። ሃፍሳ ብትለምንህ፣ መንገድ ነው የሚል ወረቀት ካለሽ አምጪ አልካት። አዴ ከሪማ የገሠጹት አንተን ሳይሆን እሷን ነው። «ተዪው፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ ነው፤ ሲገባው ራሱ ያፈርሰዋል» አሉ። የሁለት ልጆች አባት ነህ እኮ። ከዚያ ወዲህ በጓሮ በኩል፣ በጎርፍ መውረጃው ላይ በተጋደመች ሳንቃ እየተሻገሩ ይወጡ ይገቡ ነበር።

የሞቱበትን ቀን ማንም በቅጡ አልነገረህም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ አስማቸው ተነሣ፤ የሚስቡት መድኃኒት አልያዘላቸውም። ድሮ በራቸው ድረስ ይገባ የነበረው የሰፈራችን ልጅ የሰንበታ ባጃጅ ግድግዳህ ጋ ቆመ። እኔና ሃፍሳ ከሰንበታ ጋር በወንበር ተሸክመን በጓሮ ወጣን። ሳንቃዋ ላይ ወንበሩ አላልፍ ስላለን ሰንበታ አዝሎ አሻገራቸው። ዞረን ባጃጁ ጋ እስክንደርስ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። እጄን ይዘው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «ለእሱ እንዳትነግሪው፤ ይጸጸታል» አሉኝ። ሆስፒታሉ በር ላይ እጃቸው ለቀቀኝ።

ይኸው ነገርኩህ። ኑዛዜያቸውን ያፈረስኩት አስቤበት ነው። ተጸጸት።

ሌላም አለ። ግድግዳህ ሐሙስ ጠዋት ፈርሷል፤ ክፍሎቹም አብረው። ሃፍሳን እንዳትጠረጥር፤ የከሰስኩህ እኔ ነኝ። መተላለፊያው የጋራ ነው ብለው አባታችንና የአዴ ከሪማ ባል በሽማግሌ ፊት የተፈራረሙበትን ወረቀት ይዤ ሦስት ሳምንት መሬት ጽሕፈት ቤት ተመላለስኩ። አፍራሾቹ ሲመጡ ቆሜ አየሁ። የመጀመሪያው ብሎኬት ሲወድቅ ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ላሳንሰው አልፈልግም። ተከራይ ገና ስላልገባ ከእኔ የልብስ ስፌት መኪና በቀር የሚወጣ ዕቃ አልነበረም።

ወረቀቱ እስከ ዛሬ የት ነበር ትለኝ ይሆናል። ሃፍሳ ለምናህ ስታለቅስም፣ ብሎኬቱ ሲደረደርም ሣጥኔ ውስጥ ነበር። በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል መስፊያ ይሁንሽ ብለህ ቁልፉን ስትሰጠኝ ስለ ወረቀት አልጠየቅኸኝም፤ እኔም አላነሣሁም።

ለሃፍሳ ሰሞኑን አገኘሁት ነው ያልኳት። ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችኝ። ሁለቱንም እጄን።

ልጆቹን ሳምልኝ። ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ አንዱንም ነገር ሳትረሳ የምትኖረው ዕድሜ ይሁን። ለእኔም ያንኑ ይስጠኝ።

ታላቅ እህትህ