የሲያድ ኩሬ

ሚያዝያ 28 ቀን 1975
ሙቀቱ ጉድ ነው። ዘጠነኛ ክፍሎችን ይዤ በቢዮ አዋሌ መንገድ ወዳለው ኩሬ ሄድኩ። በልማት ዘመቻ የተቆፈረው፣ “አብዮት ኩሬ” የሚሉት። ጠባቂው ሽማግሌው ሲያድ ከግራሩ ሥር ተቀምጦ ሙስባሃውን፣ የጸሎት ዶቃውን፣ ይቆጥራል። “ዋርያ፣ ቀስ! የከብት ውኃ ነው፣ አታደፍርሱ!” ዳር ዳሩን አረንጓዴ አረፋ ጀምሮታል። በጠርሙስ ቀዳሁ።

ትምህርት ቤት ተመልሰን በማይክሮስኮፕ አየነው። ዶቃ በዶቃ የተሰካካ፣ ቁርጥ የሲያድ ሙስባሃ። የምንተነፍሰውን አየር መጀመሪያ የሠሩልን የዚህ አልጌ ዘመዶች ናቸው አልኳቸው። ቻድ ውስጥ አንዱን ዓይነት አድርቀው ይበሉታል። ይሄኛው ግን ሲበዛ መርዝ ያወጣል፣ ከብት ይገድላል... ሳቁብኝ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ግንቦት 6
ኩሬው ቀለም የደፉበት መስሏል። ነፋስ የለም፣ ሙቀት ብቻ። እዚያ ለተመደበው ካድሬ ለጓድ አለምብርሃን ነገርኩት። እስኪጠራ ከብት አይጠጣ አልኩ።

“በዚህ ድርቅ? አብዮቱ የቆፈረውን ውኃ አትጠጡ ልበላቸው? የሚፈራ ካለ ያፍላ።”

ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። ደግሞስ ላም አፍልታ ትጠጣለች? ለማን ይነገራል!

ግንቦት 9
አለቁ። ጠጥተው ዞር እንኳ ሳይሉ... መንቀጥቀጥ፣ መውደቅ፣ በቃ። ወተት የምታመጣልኝ በድሪያ ዛሬ ባዶ እጇን መጣች። የእሷም ላም ከሞቱት ናት።

“ወላሂ አስተማሪ፣ እግሯ ተብረከረከ፣ ወደቀች። አቦ፣ ልጆቼን በምን ላሳድግ?”

ምን ልበላት? ተናግሬ ነበር ልበላት?

ግንቦት 10
ሲያድን አሰሩት። ሰርጎ ገቦች ልከውት መርዝ ጨመረ ተባለ። ሶማሌ ነው፣ ጠባቂ ነው፣ ይባስ ብሎ ስሙ ሲያድ! የሞቃዲሾውን መሪ ስም ይዞ... እናቱ ስም ስታወጣለት ያ ሰውዬ የት ነበር? እንዲህም ይከሰሳል።

ሚስቱ ፋዱማ ቤቴ ድረስ መጣች። “አንተ የተማርክ ነህ። አፍ ሁንለት።”

ግንቦት 15
የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ። ተነሥቼ ተናገርኩ። ሰውየው ምንም አልጨመረም፣ መርዙ ከውኃው የበቀለ ነው አልኩ።

አለምብርሃን ብድግ አለ። “ጓድ ገብረወልድ፣ የአብዮቱ ኩሬ መርዝ ያበቅላል ነው የምትለን?”

ግለ ሂስ አድርግ አሉኝ። አላደርግም! ይልቅ ውኃው አዲስ አበባ ተልኮ ይመርመር ብዬ ጠርሙሴን አወጣሁ።

“አንተ የቀዳኸውን? ምን እንደጨመርክበት ማን ያውቃል? እኛው ቀድተን እንልካለን።”

ይሁን አልኩ። ደስ ብሎኝ ወደ ከተማ፣ ከዚራ ወዳለው ቤቴ ተመለስኩ፣ መንገዱም አልታወቀኝ። ለፋዱማ ይፈታል አልኳት።

ሰኔ 2
እስካሁን አልቀዱም። መኪና የለም። መኪና ሲገኝ ናፍጣ የለም። ስወተውት “ታገሥ” ይሉኛል። የታሰሩት እነሱ አይደሉ።

ሰኔ 20
ትናንት ዘነበ። ኩሬው ሞልቶ ገነፈለ፣ አረንጓዴው ተጠርጎ ሄደ። ቀይ ደለል ብቻ። እና ዛሬ ሊቀዱ መጡ! ስንት ቀን ተቀምጠው ዛሬ!

አሁንማ የለም፣ ታጥቧል፣ ይህ ሌላ ውኃ ነው ብዬ ለመንኩ። አለምብርሃን ሳቀ። “አንተው አይደለህ ይመርመር ያልከው?”

ነሐሴ 11
ውጤቱ መጣ። መርዝ የለውም። እንግዲህ ውኃው ንጹሕ ከሆነ የመረዘው ሰው ነው ማለት ነው አሉ... ሲያድን ከዚህ ወሰዱት። የት እንደሆነ የሚነግር የለም።

ፋዱማን መጋላ ገበያ አገኘኋት። አየችኝ፣ አለፈች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይመርመር ባልል ምናልባት ረስተውት ይፈቱት ነበር። ማን ያውቃል?

ግንቦት 3 ቀን 1976
ተመለሰ! ያው አረንጓዴ፣ ያው ዶቃ። ልቤ ዘለለ። ሲያድ እስር ቤት ነው፣ ዘንድሮ ከብት ቢሞት ማን መረዘ ሊሉ ነው? አንዲት ላም ብቻ... አንዲት ብትሞት ሰውየው ይወጣል። ዝም ብልስ?

ከብት የሚጨርስ ነገር አይቼ ደስ ይለኝ ጀመር። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?

ግንቦት 4
በድሪያ መጣች። ወንድሟ ላም ሰጥቷታል። “አስተማሪ፣ ውኃው ደግሞ አረንጓዴ ሆኗል። ላጠጣ?”

ሲያድ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ልጆቿም።

አታጠጪ አልኳት። የወንዙን አሸዋ ቆፍራችሁ ከዚያ አጠጡ፣ ለጎረቤቶችሽም ንገሪ። ነገረች። የሰማ ሁሉ ከብቱን መለሰ።

ሰኔ 24
ዘነበ። ኩሬው ታጠበ። አንድም ከብት አልሞተም። በድሪያ ጠዋት ወተት ይዛ መጥታ መርቃኝ ሄደች።

ከሰዓት ስብሰባ ነበር። አለምብርሃን ደረቱን ነፍቶ፣ “አያችሁ ጓዶች? ያ ሰርጎ ገብ ከታሰረ ወዲህ አንድ ከብት ሞቷል?”

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በድሪያም ከኋላ ታጨበጭባለች፣ ላሟ ተርፋላታለች። ፋዱማ አልነበረችም። አለምብርሃን እጆቼን ያያል።

እኔም አጨበጨብኩ።