ስምሽን መልሻለሁ

ውድ የሻረግ፣

ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አርባ ዓመት በስምሽ ስጠራ፣ በስምሽ ስፈርም፣ በስምሽ ስዳር፣ አንቺን ግን አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ነሽ?» ብዬሽ አላውቅም። ይቅር በይኝ። ሰው የለበሰውን ልብስ አያናግርም።

እንዳትረሽኝ፣ የአክስትሽ ልጅ ነኝ። ወደ ሱዳን ስንወርድ እናቴ መንገድ ላይ ስትቀር፣ እናትሽ እምዬ ድንቄ እጄን ይዛ በስደተኛ ካምፑ ወዳለው ድንኳናችሁ አስገባችኝ። አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ እኔ ስድስት። ከድርሻሽ እየቆረስሽ ታጎርሺኝ ነበር፤ እምዬ ዞር ስትል ደግሞ ትቆነጥጪኝ ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱት ሰዎች ስም ዝርዝር እኔ ሳልመጣ በፊት ተጽፎ አልቆ ነበር። አንቺ በትኩሳት በሞትሽ በአራተኛው ቀን ስም ጠሪው መጣና «ድንቄ፣ ከልጇ ከየሻረግ ጋር» አለ። እምዬ እጄን ጭብጥ አድርጋ «አቤት በይ» አለችኝ። «አቤት» አልኩ። ከዚያ ወዲህ እኔ አንቺ ሆንኩ።

ዕድሜሽንም ወሰድኩት። በወረቀት ሦስት ዓመት ቀድሜ አርጅቻለሁ፤ ጡረታም ቀድሜ እወጣለሁ። ብትኖሪ ትስቂብኝ ነበር። የማያስቀው፣ እምዬ አንድም ቀን አላለቀሰችሽም። ሐዘን አልተቀመጠችም፤ ተዝካርሽን አላወጣችም። በቁሙ ያለ ሰው ስም እየጠሩ ማልቀስ ሟርት ነው፤ ስምሽ ደግሞ እኔ ላይ ነበር። እኔ እንድኖርላት ሆድ ይፍጀው ብላ ሐዘንሽን ዋጠችው። ሰው ቤት ለቅሶ ስንሄድ ከሁሉ አብልጣ የምታለቅሰው እሷ ናት። ለማን እንደምታለቅስ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።

ባለፈው ወር ሀዳር ሰፈር ወዳለው ማትናስ፣ ወደ ሕዝብ አዳራሹ፣ ለስብሰባ ተጠራን። ሊኦራ የምትባል የከተማ ፕላን ባለሙያ ከኢየሩሳሌም መጥታ ነበር። የዋና ከተማዋን አደባባዮችና የመታሰቢያ ቦታዎች ለሚመጣው ሃያ ዓመት እያቀዱ ነው አለችን፤ ከነዚያ አንዱ በመንገድ ለቀሩብን ሰዎች ይሆናል። ካርታውን ግድግዳው ላይ ዘርግታ «ቦታው ምን እንዲሆን ትፈልጋላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ልጄ ይፋት ታስተረጉም ነበር።

ሽማግሌው አባ ባዬ ብድግ አሉ። «ሐውልቱን ከፍ አታድርጉት፤ አንገት ያደክማል። ጥላና መቀመጫ ይኑረው። ሐዘንተኛ ቁጭ ብሎ ነው የሚያለቅስ።»

ሊኦራ ጻፈች። ቀጥላ «የእነማንን ስም እንቅረጽ?» ስትል እምዬ ምርኩዟን ተደግፋ ተነሣች።

ስምሽን ልትጠራ ነው ብዬ ፈራሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፈራሁ። መታወቂያዬ፣ የልጆቼ ወረቀት፣ ክርያት ሞጽኪን ከተማ አዛውንት የምጦርበት ሥራዬ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታየኝ።

እምዬ ግን «የእኅቴ ልጅ፣ ውበቴ። ስድስት ዓመቷ ነበር» አለች።

የሻረግ፣ ውበቴ እኮ እኔ ነኝ። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ መሞቴን ሰማሁ።

«ረጋ፣ ኢማ፣ ቆዪ እስቲ፣ ውበቴ ደግሞ ማናት?» አለችኝ ይፋት።

«ዘመድ ናት» አልኳት።

አውቶቡሱ ወደ ሰፈራችን ወደ ኔቬ ዮሴፍ ሲወጣ እምዬ በመስኮት እያየች በቀስታ «እሷን አላነሣሁም፤ አንቺን እንዳልነካ ብዬ» አለችኝ። «እሷማ የትም አልተጻፈች። ቤሰደር፣ ደህና ይሁን፣ እግዚሃር ያውቃታል።» ሰማኒያ አምስት ዓመቷ ነው። የሃያ ዓመቱን ዕቅድ የምትጠብቅበት ዕድሜ የላትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛው ንጋት በጣም ዘገየ። በማግስቱ ለይፋት ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ለሊኦራ እንዲህ ብለን ጻፍንላት፦ «ውበቴ አልሞተችም። የሞተችው የሻረግ ናት፤ የድንቄ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ።» አትመን ስናበቃ ከታች በራሴ ስም ፈረምኩ። እጄ ፊደሉን አልለመደውም። ከየመሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚመጣብኝ አላውቅም። የመጣው ይምጣ።

ከዚያ እምዬ ዘንድ ሄጄ «ስሟን ጻፍኩት። እኔም ወደ ስሜ ተመለስኩ» አልኳት።

ከወንበሯ ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሻሿን ፈታች፤ ደረቷን መታች።

«የሻረጌ!» አለች። «የሻረጌ፣ ልጄ!»

አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትጣራ «አቤት» እላት ነበር። አሁንም አፌ ሊቀድመኝ ሲል በእጄ ያዝኩት። የተጠራሽው አንቺ ነበርሽ።

ሰባቱን ቀን አብሬያት ተቀመጥኩ። ጎረቤት እየመጣ «ማን ሞተባችሁ?» ሲል «የሻረግ» እንላለን፤ ሰዉ እኔን እያየ ይደነግጣል። ቦታው ሲሠራ፣ እምዬ ብትደርስ ይዣት፣ ባትደርስም ብቻዬን፣ አባ ባዬ ካሉት ጥላ ሥር መጥቼ ቁጭ እላለሁ።

ስምሽን አርባ ዓመት ይዤዋለሁ። አላጎደፍኩብሽም። እነሆ፣ ተቀበይኝ።

እኅትሽ
ውበቴ
ኔቬ ዮሴፍ፣ ሃይፋ