ሙትልኝ

ጥቅምት 3

ሥራ እንደ ሁልጊዜው። አንድ ሰውዬ ትናንት የወሰደውን መነጽር መልሶ አመጣ። ጠሟል ይላል። ለካሁት፣ ምንም አልሆነም። የጠመመው አፍንጫው ነው... እንዴት ይባላል? ዝም ብዬ አንዱን ክንድ ጎበጥ አድርጌ ሰጠሁት። መርቆኝ ሄደ።

ከሥራ መልስ ከወንድሜ ጋር ጌም። ሊፍት ሲጠግን ውሎ እጁ ግሪስ በግሪስ ነው። ታጠብ ብለው አይሰማም፣ ኪቦርዱ ጠቁሯል።

ኮምፒውተሮቻችን ራሳቸው ቅራቅንቦ ናቸው። የኔው ክዳን የለውም፤ እንዳይግል የቤት ቬንትሌተር ጎኑ ላይ ተገትሮበታል። ጨዋታው ውስጥም የምይዘው ቅራቅንቦዎች የሚባለውን ጦር ነው። ሌላውንም እችላለሁ፣ ግን አልወድም። ዓለም ጠፍታለች። ብረት ለባሾች፣ የወንድሜ ጦር፣ የድሮ የጦር መጋዘን አግኝተው ታንክ በታንክ ሆነዋል። የኔዎቹ የወደቀ ነው የሚለቅሙት። የፍሪጅ በር ጋሻ ይሆናል፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሆድ መድፍ ይሆናል፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ጎማ ይገጠምለታል። አንዱን ስነካው "አለሁ... ከነጉዳቴ" ይላል። ገጣጥመው ሲጨርሱ ደግሞ "ይሠራል... መሰለኝ።" ስንት ዓመት ሰምቼው ዛሬም ያስቀኛል።

ዋናው ግን ጎባጣው ነው። ክሬን የተሸከመ አሮጌ አውቶቡስ። አጠገቡ የሞተ ማሽን ሁሉ ወዲያው ይፈታና የኛ ይሆናል። ራቅ ብሎ ከሞተ ጠላት ይቀድመናል። ስለዚህ የወንድሜ ታንክ ሊያልቅለት ሲል እጮሃለሁ። "ሙትልኝ!" እየተጎተተ መጥቶ ጎባጣው እግር ሥር ይሞታል። ከሱ ሬሳ ሌላ ጦር እሠራለሁ፣ እናሸንፋለን። እናታችን ካረፈች ጀምሮ እንዲህ ነን፣ እኔና እሱ።

ውድድር ሊኖር ነው አለ። ኅዳር ላይ፣ ከሴራሚክ መደብሩ በላይ ያለው ጌም ቤት። ቡድኑ ግን ሦስት ሰው መሆን አለበት።

"ሦስተኛ ከየት እናመጣለን?"

"አንድ... ልጅ አለች" አለ። ጆሮው ቀላ።

ጥቅምት 7

አንድ ልጅ የተባለችው መጣች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ፋርማሲዋ ብያታለሁ። ቫይታሚን ይዛልኝ መጣች። ሰው ቤት ቫይታሚን ተይዞ ይኬዳል? ገርጥቻለሁ ማለት ነው?

"እትዬ፣ እንደምን አሉ?" ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። በእርስዎ። በሚቀጥለው ምርኩዝ ታመጣልኝ ይሆናል። በስንት ዓመት ነው የምበልጣት? አሥር? እሺ፣ ዘጠኝ ይሁን።

ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። አንድ እጁ የተሰበረው፣ የኔው። ሌላ ወንበር አጥታ ነው?

"የትኞቹን ትይዣለሽ?" አላት ወንድሜ። አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ጠጋ ብላ ሁሉንም አየች።

"እነዚህን። አንጀት ይበላሉ" አለች። ቅራቅንቦዎቹን ነው።

ወንድሜ ወደኔ ዞረ። ፈገግ አልኩ። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የሚባለው ዛሬ እኔ ነበርኩ።

ጥቅምት 8

አንጀት ይበላሉ... የኔን ሠራዊት።

ጥቅምት 15

ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ። ዛሬ ገባ።

እኔ ኩሽና ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እነሱ ይለማመዳሉ። በሩ ክፍት ነው። ቀና ስል የወንድሜ ታንክ እየጨሰ ወደ ጎባጣው ሲጎተት አየሁት። ጆሮዬን አቆምኩ። ሙትልኝ ስትለው ልሰማ። አላለችም። ሳትጠራው ሄደ፣ ሳትጠራው ሞተላት።

እኔ እኮ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼ ነው የሚመጣልኝ። አንዳንዴም "ቆይ እስቲ" ይላል።

"እትዬ፣ አዩልኝ? ከሱ ማማ ሠራሁ" አለችኝ ፋርማሲዋ። ጎሽ አልኳት። እንባዬን በሽንኩርቱ አመካኘሁ።

ጥቅምት 16

በተሰበረ ፍሪጅ የሚቀና ሰው አለ? አለ። ይኸው ተቀምጣ ትጽፋለች።

ጥቅምት 24

ሰሃን እያጠብን ነበር። እኔ ሳጥብ እሱ ሲያደርቅ።

"እታለም፣ አንድ ቡድን ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ጦር አይይዝም ይላል ሕጉ።"

"እሺ?"

"አንቺ ሁሉንም ትችያለሽ። እሷ ከቅራቅንቦ ሌላ አታውቅም..."

ውሃው ይፈሳል።

"እኔ ሦስተኛውን ጦር፣ ፈጣኖቹን እይዛለሁ። አንቺ ብረት ለባሾቹን ያዢልን። ዝሆኑን ትሠሪያለሽ" አለ። ዝሆን ትልቁ ታንክ ነው። ሕፃን በከረሜላ እንደሚያባብሉት።

ዝም አይነቅዝም ብዬ ሰሃኔን አጠብኩ። እሱ ግን አልጨረሰም። ያደረቀውን ሰሃን እንደገና እያደረቀ... "ደግሞ... ልንጋባ ነው። ቤትም አይተናል። ከፋርማሲው አጠገብ።"

"እንኳን ደስ አለህ" አልኩት። ምን ይባላል ሌላ? ጎባጣዬንም ወሰደች፣ ወንድሜንም ወሰደች። እኔ የማጥበው ሰሃን ከዚህ በኋላ የአንድ ሰው ነው።

ኅዳር 2

የአንዲት ሴትዮ መነጽር ላይ የግራውን ለቀኝ ገጠምኩ። አለቃዬ አየውና "የሰው ዓይን ልታቀያይሪ ነው?" አለኝ። ሐሳቤ የት እንዳለ እሱ ምን ያውቃል።

ቤት ስገባ ወንበሬ ላይ ትራስ አገኘሁ። ለወገቤ ነው አለችኝ፣ እሷ ናት የሰፋችው። ጥሩ ሰው መሆኗ ነው የሚያናድደኝ። ክፉ ብትሆን ምን ነበረበት? በግልጽ እጠላት ነበር።

ኅዳር 20

ተሸነፍን።

እንደሆነው ልጻፈው። ጌም ቤቱ ሙሉ፣ የሰው ትንፋሽና የፕላስቲክ ሽታ። ከጎን ወደ ጎን ተቀምጠናል። ወንድሜ፣ እሷ፣ እኔ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቡድኖች አሸነፍን፤ ሰው እያጨበጨበ ነበር። ሦስተኛው ላይ ወንድሜ ገና መሀል ሜዳ ላይ አለቀ። ርቆ ስለሞተ ስብርባሪውን ጠላት ለቀመው። እሷ ጎባጣውና ሁለት ገንዳ ቀሯት። እኔ ዝሆኔ ቀረችኝ፣ ቆስላ፣ ስክሪኑ ላይ የሕይወቷ መስመር ቀልቶ። ከጎባጣው ትንሽ ብቻ ነው የምትርቀው።

ምን መደረግ እንዳለበት ከኔ የበለጠ የሚያውቅ አለ? ስንት ዓመት እኔ ራሴ ስጮህ የኖርኩት ነው።

ወደኔ ዞረች። አፏን ከፈተች፣ ግን አልጠራችኝም። ወንድሜ "እታለም..." ብቻ አለ።

ዝሆኔን ይዤ ቆምኩ። ትተርፍ ይሆናል አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው። እሷ እንዳትገነባባት ነው የያዝኳት። በኔ ሬሳ ሙሽራ እንዳትሆን... ይኸው ጻፍኩት። ጎባጣው ተቃጠለ። ዝሆኔ ባዶ ሜዳ ላይ ለብቻዋ እንደቆመች ሰዓቱ አለቀና "ተሸንፋችኋል" የሚል ጽሑፍ መጣ።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አለች ፋርማሲዋ። የለም፣ እኔ ነኝ አላልኳትም።

ኅዳር 21

ወንድሜ ቁርስ አልበላም። በሽንፈቱ መስሎኝ "ጌም ነው፣ እርሳው" አልኩት።

"ጌሙን ተይው። ስንት ጊዜ ሞቼልሻለሁ?"

"ብዙ ጊዜ።"

"አንድ ቀን 'ምን ቀረህ?' ብለሽኝ ታውቂያለሽ? ሙትልኝ ነው። መጥቼ እሞታለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አንቺ ስታሸንፊ አያለሁ። እሷ ትጠይቀኛለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሱን ነው፣ 'አንተ ምን ይቀርሃል?' ብላ።"

ደስ ብሎት የሚሞት ይመስለኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ደስ የሚለው ይመስለኝ ነበር... ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

ኅዳር 22

ሆድ ይፍጀው።

ታኅሣሥ 5

ፋርማሲዋ መነጽር ቤት መጣች። አለቃዬ ምሳ ወጥቷል። ራቅ ያለ አይታያትም፤ ለዚህ ነው ስክሪኑ ላይ የምትደፋው። ለወንድሜ አልነገረችውም፣ አፍራ። መመርመሪያው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ሌንስ እየቀያየርኩ፦

"የቱ ይሻላል? ይሄ ወይስ ይሄ?"

"ሁለተኛው... እትዬ፣ አልወደዱኝም አይደል?"

"ይሄ ወይስ ይሄ?"

"የመጀመሪያው። አውቃለሁ እኮ። ግን መጀመሪያ የቀናሁት እኔ ነኝ።"

እጄ ሌንሱ ላይ ቀረ።

"ገና ከተዋወቅን ጀምሮ እታለም እንዲህ አለች፣ እታለም እንዲህ ሠራች ነው። ሌላ ወሬ የለውም። ቅራቅንቦዎቹን የመረጥኳቸው የእርስዎ ስለሆኑ ነው። ምን ቢኖራቸው ነው እንዲህ የሚሞትላቸው ብዬ። አንጀት ይበላሉ ያልኩት... ምን ልበል ታዲያ?"

በኔ ደግሞ ምን ብሎ ይቀናል ሰው? የተሰበረ ወንበርና ክዳን የሌለው ኮምፒውተር ይዤ።

"የውድድሩ ቀን ለምን አልጠራሽኝም?" አልኳት።

"እንዴት ብዬ? ለእርስዎ ይሙቱልኝ ይባላል?"

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፣ ሌንሱ አፍንጫዋ ላይ እየዘለለ። ፊደሎቹን እንደገና ከመጀመሪያው ማስነበብ ነበረብኝ።

አሁንም እቀናለሁ። መሳቅ ቅናትን አያስተውም። መነጽሯን ግን ራሴ ሠራሁት፣ ማንንም አላስነካሁም።

ታኅሣሥ 19

ተፈራረሙ። ወንድሜ ሁለት ሻንጣና ጠረጴዛውን ይዞ ወጣ። ኪቦርዱን ረሳው፣ ያንን ጥቁሩን። ጠርቼ ልመልስለት ወጣሁና ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። መኪናው ሄዷል። ይቀመጥ።

ታኅሣሥ 23

ሽንኩርት ለሁለት ሰው ከተፍኩ። እጅ ልማዱን አይለቅም።

ጥር 6

የእረፍት ቀን። ከምሳ በኋላ ጌሙን ከፈትኩ። ከውድድሩ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። የወንድሜን ሚስት ጨዋታው ውስጥ ገብታ አገኘኋት። እሱ አንድ ሕንፃ ላይ ሊፍት ቆሞ ተጠርቶ ሄዷል።

"እንጫወት እትዬ? ሁለታችን?" አለችኝ በማዳመጫው።

ምርጫው መጣ። እጄ በልማዱ ቅራቅንቦዎቹ ላይ ሄደ። አነሳሁት። ብረት ለባሾቹን ያዝኩ። ለምን? እንጃ። እሷ ምን ትመርጥ ይሆን ብዬ ሳልጨነቅ፣ ዝም ብዬ።

ደህና ተጫወትን። በኋላ ግን ከሁለት በኩል ገቡብን። ገንዳዎቿ አለቁ። ጎባጣው ባዶውን ቆሟል፣ ክሬኑን አንጠልጥሎ። ዝሆኔ ገና ደህና ናት፣ ሽሽት ካልኩ ታመልጣለች። ለኔ ብቻ ከሆነ አመልጣለሁ።

በማዳመጫው ትንፋሿ ይሰማኛል። ልትል ፈልጋ እንደማትል አወቅኩ።

"ምን ቀረሽ?" አልኳት።

"ምንም... ጎባጣው ብቻ።"

"በይ ጥሪኝ።"

"ኧረ እትዬ፣ ነውር ነው..."

"እትዬሽን ለግብዣ ቀን አስቀምጪው። ጥሪኝ።"

በጣም ቀስ ብላ፦ "ሙችልኝ።"

ዝሆኔን አዞርኩ። እየነዳኋት ሄጄ አውቶቡሱ እግር ሥር አቆምኳት። ተኩሱ ደረሰባት። ለካ ከዚህ በኩል ሲታይ ያሳሳል። ወንድሜ ስንቴ እንዲህ ሲሆን ኖሯል... ዞሬ እንኳን አይቼው አላውቅም።

እኔ አለቅሁ። እጄን ከኪቦርዱ አንስቼ ተቀመጥኩ፤ ጥቁሩ ኪቦርድ ነው፣ ዛሬ የኔውን ትቼ እሱን ነው የሰካሁት። የምሠራው ስለሌለኝ የሷን ሥራ አየሁ። ክሬኑ ወረደ። ዝሆኔን ይበታትናት ጀመር፣ በሯን፣ ሰንሰለቷን፣ አፈሙዟን። ከሷ አንድ ጠማማ ነገር ገጣጠመ፤ እግሩ አንካሳ፣ ራሱ ወደ ጎን ያዘነበለ። ሠርቼ የማላውቀው ዓይነት ነው።

ያሸንፋል ወይስ አያሸንፍም ገና አልታወቀም ነበር። እሷ ነካችው።

"አለሁ" አለ። "ከነጉዳቴ።"