ሙቀቱንም ሳታዪ እንዳትመጪ

ለውድ ልጄ ሳምራ፣ ካለሽበት ቱርክ ድረስ የአላህ ሰላም ይድረስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ከመቱ እስከ ቡሬ እንደ አባትሽ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ፣ አብረውኝ ማታ ፊደል ከሚማሩት መሃል ማለቴ ነው፤ እዚያም አንዲት ጉሊት ነጋዴ ትበልጠኛለች።

የቱርክን በረዶውንም አበባውንም አይተሻል፤ የቀረሽ የበጋው ሙቀት ነው። እናትሽም «ሙቀቱንም ሳታይ እንዳትመጣ በላት» ብላለች። ስልኳን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው።

ዘንድሮ ለአረፋ አገር ቤት አልገባንም። ከተጋባን ወዲህ ቀርተን አናውቅም ነበር፤ ዝናቡ ግን ከባድ ነው። ለሴቶች አረፋ፣ ለዋዜማው የጎመን ክትፎ፣ ለእናትሽ ጎመኑን የከተፉላት ጎረቤታችን እትዬ ዘውደነሽ ናቸው። ልርዳዎት ብላቸው «ኑረዲን፣ አንተ አፍህ እንጂ እጅህ አይከትፍም!» አሉኝ። እናትሽ አንድ ጉርሻ ቀመሰችላቸው።

ሱቁን የምከፍተው ከሰዓት ብቻ ነው። ደግሞ ታዋቂ ሆኛለሁ፤ የሆስፒታሉ ዘበኞች ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ ኑረዲን?»፣ እንዴት አደርክ እያሉ ሳይፈትሹ ያስገቡኛል።

እትዬ ዘውደነሽ ሰላም ብለውሻል። አላህ ሳንጎድል ያገናኘን።

አባትሽ ኑረዲን

ልጄ፣ ከላይ ከጻፍኩት አንዲቷን ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ስለ ሙቀቱ እናትሽ ምንም አላለችም። የተኛችበት ክፍል በር በተከፈተ ቁጥር የምትለው «ሳምራ ናት?» ነው።