የልጄን ሻሽ ላስፈቱት ዶክተር

ለተከበሩ ዶክተር፣
የሰፈራችን ጤና ጣቢያ (ቮርድሴንትራል) ሐኪም፣
ስቶክሆልም

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ራስዎ፣ እንደምን አለ? ቀኝ እጅዎ እንደታዘዘልዎት፣ አንደበትዎም እንደተፈታ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ፤ እኛ ቤት የሁለቱም ዋጋ ታውቋል። እኔ የአራሷ የሊዲያ እናት ነኝ፤ ስላደረጉልን ሁሉ በሰው ፊት ላመሰግንዎት ይህን ጻፍኩ።

አንደኛ፣ ልጄ በወለደች በሁለተኛው ሳምንት፣ ራሷን ሊፈልጣት ደርሶ፣ ዓይኗም እየተጋረደባት እርስዎ ዘንድ ስትመጣ፣ “ዴ ኤር ኖርማልት”፣ ያለ ነው፣ ብለው ስላረጋጉን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ እኛ የአራስ ራስ በሻሽ የምናስር ሰዎች መሆናችንን ስላስተዋሉ አደንቅዎታለሁ። ልጄን ትተው ሻሿን መረመሩ፤ ሕመሙ ከማሰሪያው ጥብቀት የመጣ መሆኑንም በአንድ እይታ ደረሱበት። ሻሹን ያጠበቅነው ራሷን ስላመማት መሆኑን ብነግርዎ ፈገግ ብለው ባህላችንን እንደሚያከብሩ ገለጹልኝ።

ሦስተኛ፣ እንዳዘዙት ሻሿን ፈትታ፣ ማስታገሻ ውጣ ተኛች። በማግስቱ ስታጠባ ቀኝ እጇ ከዳት፤ ሕፃኗ ከእቅፏ ስትንሸራተት እኔ ቀለብኳት። አምቡላንስ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል አደረሳት። እዚያ ያሉት ሐኪሞች በአንጎሏ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ስትሮክ እንደመታት፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደም ቶሎ እንደሚረጋ፣ እንዲህ ያለ ራስ ምታትም ወዲያው መታየት እንደነበረበት ነገሩኝ። ስለ ሻሽ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ምናልባት እንደ እርስዎ አልተማሩ ይሆናል።

አራተኛ የለኝም፤ ንዴቴ ተራ ቁጥር አይጠብቅም። ቄሱ ይቅር እንድልዎት መክረውኛል፤ አልልም። ከእንግዲህ በየሰኞው ያንኑ ሻሽ አስሬ መጠበቂያ ክፍልዎ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ለሚመጡት እርጉዞችና አራሶች ሁሉ የልጄን ነገር በአማርኛም፣ በተሰባበረው ስዊድንኛዬም እነግራቸዋለሁ። ሊያስወጡኝ ቢመጡ ራሴን አሞኛል እላለሁ። ያለ ነው።

ጡረታ እስኪወጡ ከደጅዎ የማልጠፋ፣ ውለታዎን ለአንድ ቀንም የማልረሳ፣
አክባሪዎ፣
ባዩሽ ደምመላሽ

ግልባጭ፦
በስቶክሆልም ለሚገኙ እርጉዞችና አራሶች በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የልጄ አንደበት እንደተያዘ ነው። የምታለማምዳት ባለሙያ ሕፃኗን አሳይታ ስሟን ብትጠይቃት፣ “ዝማሬ” ማለት አቃታት፤ ብዙ ታግላ የወጣላት “ዴ ኤር ኖርማልት” የሚለው ብቻ ነው። ውሃ ስትጠማም፣ ልጇ ስታለቅስም የምትለው ይህንኑ ነው። መጥተው ይስሟት፤ አነጋገሯ ቁርጥ እርስዎን ነው።